የገመዱ መስመር

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቡድናችን ከላምበረት ወደ የካ አባዶ ሊዛወር ነው። ሜዳው ለግንባታ ስለተፈለገ ምንም ማድረግ አይቻልም። እኔን ያናደደኝ ማሊያው ነው። ዛሬ ጠዋት በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ አዲሱን አሳዩን፤ ሙሉ ሰማያዊ ነው፣ ከትከሻ ጀምሮ ደረቱን በሰያፍ የሚያቋርጠው ቡናማ መስመር የለም። ቡድኑን የመሠረቱት የላምበረት መናኸሪያ ተሸካሚዎች ናቸው፣ አባቴም አንዱ ነበር። መስመሩ ትከሻቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ገመድ ነው። ሊቀመንበሩን ስጠይቃቸው «ዘመናዊ እንዲሆን ብለን ነው፣ እህቴ» አሉኝ።

አሮጌውን ልልበስ ብዬ ነበር፤ ግን የምደግፈው ቡድን ነው እንጂ ትዝታ አይደለም። አዲሱን ገዛሁ። አሮጌውን ለብሼ መስመሩን በመስታወት እያየሁ፣ አዲሱ ላይ እንደዚያው ቡናማ ጨርቅ ሰፋሁበት። ለአባቴ አሳየሁት።

«እኔ ገመዴን በቀኝ ትከሻዬ ነበር የማንጠለጥለው» አለኝ።

መስታወቱ አሳስቶኝ በግራ ሰፍቼዋለሁ።

«ማን ያስተውለዋል?» አልኩት።

«እኔ።»

ፈታሁት። የካ አባዶ ለሚደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ለብሼው እሄዳለሁ፣ ያውም በትክክል ተሰፍቶ። እንዳልሳሳት አባቴን ማሊያውን አልብሼ ጨርቁን በትከሻው ለካሁ። መርፌዬን ይዤ እየጠበቅኩ ነው። እስካሁን አላወለቀውም።