ከዳዊቱ የተቆረጠው ገጽ

ውድ እትዬ ውብነሽ፣

ያልደወልኩት ሆን ብዬ ነው። በስልክ ብጠይቅሽ ወሬውን ወደ ስኳር በሽታዬ ታዞሪዋለሽ።

ልጄ ምሥጋና ልታገባ ነው። ልጁ ኦልጅራ ይባላል፣ የለቡ ልጅ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት እንቆጣጠር ብዬ አባቱን አቶ ቱሉን ነፋስ ስልክ ቤቴ ጠራኋቸው። "ቱሉ፣ ለሜሳ" አሉና ቆሙ።

"ከለሜሳ በላይስ?"

"አባቴ አባቱን አያውቅም። እናቱ ፌኔት በልጅነቷ ተፈንግላ፣ ተሸጣ፣ ባላምባራስ አምሐ የሚባል ጌታ ቤት ነው የወለደችው። የማን ልጅ እንደሆነ የነገረው የለም። የናንተ አገር ሰው ነው ይላሉ፣ ያውቁታል እንዴ?"

"አላውቅም" አልኩ። የገዛ አያታችንን፣ እትዬ!

"በሉ እርስዎም ይቁጠሩ" ሲሉኝ፣ "ጽፌ እሁድ አመጣለሁ" አልኩ።

ሳቁ። "ልጅዎ ነግራኛለች። ሽንኩርት ሊገዙም ሳይጽፉ አይወጡም አሉ።"

እንደሄዱ ጥርጣሬዬን ጻፍኩ። አንድ፣ ሰውየው አውቆ ነው የመጣው። ሁለት፣ ልጁንም አስጠግቶብን ነው። ሦስት፣ የመጣው ለመሬት ይሁን ለቂም አላውቅም። ከዛ የአባባን ዳዊት አወጣሁ። መጨረሻው ላይ አያታችን ኑዛዜያቸውን ያስጻፉበት ብራና አለ አይደል? "ሁለት በቅሎ፣ አንድ ጠመንጃ፣ ፌኔት ከነልጇ ከለሜሳ፤ የዚህ ልጅ አባት" ይልና ያልቃል። ቀጣዩ ገጽ በምላጭ ተቆርጧል።

አራት ብዬ የጻፍኩት አንቺን ነው።

አባባ ሲሞት ዳዊቱ እስከ አርባው አንቺ ጋ ነበር። በነጠላ ጠቅልለሽ ስትመልሺልኝ "አትክፈተው፣ ብራናው ይሰነጠቃል" አልሽኝ። ዓይኔን አላየሽም። እኔም አልጠየቅኩሽም። ለምን እንዳልጠየቅኩ አሁን ገባኝ፦ ሰው ከበቅሎ ጋር ተቆጥሮ መወረሱን ልጅ ሆኜም ሰምቼ ነበር፣ ስም እንዲኖረው ግን አልፈለግኩም።

አሁን የምፈራው ይሄንን ነው። የለሜሳ አባት አያታችን ከሆኑ፣ እኔና አቶ ቱሉ የወንድማማች ልጆች ነን። ልጆቹም አይጋቡም። ምሥጋና ቬሎ ተለክታለች እኮ! ሌላ ሰው ከሆነም አቶ ቱሉ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያጡት ስም አንቺ ጋ ነው ማለት ነው።

አንድ ሌሊት ሙሉ ዳዊቱን መልሼ ልደብቀው አስቤ ነበር። ማን ያውቃል? ልጆቹ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። ግን የልጅ ልጄ ሲቆጥር እሱም ለሜሳ ላይ ሊቆም ነው። ያስቆምኩት ደግሞ እኔ።

ገጹ ካለ በሰው ላኪልኝ፣ በፖስታ አላምንም። አቃጥለሽው ከሆነ ያነበብሽውን ጻፊልኝ። አልቆረጥኩም ካልሽም ንገሪኝ፤ ቀጥሎ የምጠረጥረው አባባን ነው።

መልስሽ ደረሰም አልደረሰም፣ እሁድ ዳዊቱን አቶ ቱሉ ፊት እከፍተዋለሁ። የራሴን ቤት ስቆጥር "ማሞ፣ ውዳሴ፣ አምሐ" እላለሁ፤ አምሐ ላይ ድምፄን አልቀንስም።

"አላውቅም" ያለው ወንድምሽ፣
ማሞ