የኬቲል «ድንች»

ኖቬምበር 12

የሂሳብ ፈተና ነበር። ስለሱ ምንም አልልም። ነፋሱ ዝናቡን በጎን ይገርፈዋል።

ማታ ከቡድኑ ጋር ኢንተርኔት ላይ የጠፈር መርከብ ጨዋታችንን እየተጫወትን ነበር። አለቃችን ራንቬይግ (አኩሬይሪ ከተማ ያለች ነርስ ናት፣ በእናቴ ዕድሜ) ዜና አመጣች። «ማክሰኞ ማሻሻያ ይመጣል። መርከብ ማስታጠቁም ዕቃ መግዛቱም እዚያው ጨዋታው ውስጥ ሊሆን ነው።»

ከቡድኑ ባርዱር ጮኸ፦ «በቃ! ኬቲል ሥራ ፈታ!»

ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ» አለኝ። «አፌ ነው... ረስቼው...»

እኔም አንዳንዴ እረሳለሁ። ጠዋት ስነቃ።

ኖቬምበር 15

የሁላችንንም መርከብ የሚያስታጥቀው ወንድሜ ኬቲል ነበር። የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚሄድ ከጨዋታው ውጭ፣ በሌላ ፕሮግራም ያሰላል። ከዚያ ከየጣቢያው እየዞረ አንድ በአንድ ይገዛል። ሁሉን አሟልቶ ጥይት ይረሳል። ሁልጊዜ! «ጥይት ይዘሃል?» ሲሉት «ውይ!»

ፌብሩዋሪ ላይ መኪናው ተራራው ላይ በበረዶ ተንሸራተተ። በዋዜማው የራሱን መርከብ ለእኔ አስረክቦ ነበር። ስሟ «ድንች»። ልጆች ሳለን ገና ሲደርስ ስጦታ እንዲገባበት መስኮት ላይ ጫማ እናስቀምጣለን፤ ለባለጌ ልጅ የሚገባለት ድንች ነው፤ የእሱ ስጦታ ሁሌ ድንች ብቻ ነበር። ይኮራበታል።

«እስክመለስ ጠብቅልኝ። እንዳትነካካት፣ እሺ አንተ ጅል?»

እሱ አልተመለሰም። እኔም አልነካኋትም።

ኖቬምበር 19

ማሻሻያው መጣ። አዲሱ የማስታጠቂያ መስኮት ሲያምር! «ሙከራ» ላይ ካደረግከው፣ ምንም ገንዘብ ሳታወጣ የፈለግከውን ትቀያይራለህ። ኬቲል ቢያየው...

ድንችን ከፈትኩ። ለሙከራ ብቻ። ምን አስቦ እንዳስታጠቃት ማየት ፈለግሁ። ከአካሏ ጋር የተበየዱ ሦስት ክፍሎች አሏት፤ ሲነቀሉ ይሰባበራሉ። ልነቅላቸው ስል መስኮቱ ጠየቀኝ፦ «እርግጠኛ ነህ?» በሙከራ ምን ይሰበራል? አዎ አልኩ።

ሙከራ ላይ አልነበርኩም።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንክ ልጄ?»

«ሰበርኩበት።»

«ምኑን? የማንን?»

ጣቴን ወደ ስክሪኑ ቀሰርኩ። የኬቲል የእጁ ሥራ ነበር። የቀረኝ እሱ ብቻ...

ኖቬምበር 20

ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ኖቬምበር 23

ለራንቬይግ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

«ምን ምን ነበሩ?» አለች።

በቃሌ ዘረዘርኩላት።

«መስኮቱ ላይ አስገባቸውና ሁሉንም ግዛ በለው። አንድ ጊዜ መጫን ነው።»

«እሱ የገዛቸው ግን አይደሉም።»

«አይደሉም።» አልዋሸችኝም። ከዚያ ደግሞ፦ «ይቺ ስንተኛዋ ድንች እንደሆነች ታውቃለህ?»

«እንዴት ስንተኛዋ?»

«ስድስተኛዋ! አምስቱን ራሱ ነው ያስፈነዳቸው። ያ እብድ! በፈነዳች ቁጥር ሌላ ገዝቶ ያንኑ ስም ይሰጣታል። አንተን አትንካት ያለህ፣ ማስፈንዳቱን ለራሱ ፈልጎት ነው።»

ሳቅሁ። ከዚያ ማልቀሱን ማቆም አቃተኝ። ራንቬይግ መስመሩን ዘግታ አልሄደችም።

ዲሴምበር 11

ከአባቴ ጋር የኬቲል መቃብር ላይ ለገና የሚበራውን የመብራት መስቀል ተከልን። የመጀመሪያ ገናው ነው... እዚያ። አባቴ ሽቦውን እያያያዘ፣ ቀና ሳይል፦ «ያቺ መርከቡ ደህና ናት?» አለ። እንደሚያውቃት አላውቅም ነበር።

«ዛሬ ትወጣለች» አልኩት።

ማታ ድንችን አስታጥቄ አወጣኋት። ጠላት ከበበን። ለመተኮስ ተጫንኩ። ምንም።

«ጥይት ይዘሃል?» አለ ባርዱር፣ ቀስ ብሎ።

«...ውይ!»

መጀመሪያ ራንቬይግ ናት የሳቀችው። ከዚያ ሁሉም። ድንች እየሳቅን ፈነዳች።

እናቴ በሩን ከፈተች። «ደግሞ ምን ሆንክ? ትስቃለህ ታለቅሳለህ?»

«ሁለቱንም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የኬቲል አልጋ ላይ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር።

መስኮቱን «ሁሉንም ግዛ» አልኩት። ያንኑ ስም ጻፍኩላት። ጥይትም ጫንኩ።

አዲሷ ድንች ጣቢያው ውስጥ ቆማለች። ይቺን ጠብቅልኝ ያለኝ የለም።