ቀዩ እድፍ

ቅዳሜ፣ ጁን 13

ባሌ ታሪኩ ክሪኬት የሚጫወትበት ነጭ ሱሪ ጭኑ ላይ ሁሌ ቀይ ነገር ይዞ ይመጣል። "የኳሱ ቀለም ነው" ይለኛል። እኔ ሊፕስቲክ ነው ብዬ ስንት ቅዳሜ ተቃጠልኩ። ወላይታ በቆሎ ከዝንጀሮ ሲጠብቅ፣ ድንጋይ እየወረወረ ያደገ ሰው እዚህ አሜሪካ የህንዶች ጨዋታ ውስጥ ምን ዶለው?

ዛሬ ሳልነግረው ድራይቭ አድርጌ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ወርዋሪዎቹ ሁሉ ከመሮጣቸው በፊት ኳሱን ጭናቸው ላይ ያሹታል። የሁሉም ሱሪ ቀይ ነው። አፈርኩ። እሱ ሲወረውርማ ኳሷ አትታይም፤ ከመቺው ጀርባ የቆሙትን ሦስት እንጨቶች ከሥራቸው ነቀለቻቸው።

አሰልጣኙ ሚስቱ መሆኔን ሲሰማ እየሳቀ መጣ። "ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ስለተመረጠ ደስ አላለሽም? ባለፈው ወር ነው የነገርኩት።" እኔ ገና መስማቴ ነው። ኦኬ ብዬ ሳቅኩ። "ውጭ አገር ሲጫወቱ ለሚስቶችም ትኬት አለ። አንቺ ግን አልሄድም ያልሽው ለምንድነው?" አለኝ።

ማን ጠይቆኝ?

ታሪኩ ቤት ሲገባ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" አለኝ። "ፀሐዩ ነው" አልኩት። ሱሪውን እንደ ልማዱ በር ሥር ጥሎት ተኝቷል።

ቀዩስ የኳስ ነው፣ አመንኩ። በእኔ ትኬት የሚሄደው ማን ነው?