በእናታችን ክፍል የተቆለፈው መጥሪያ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ ሴይፓቲ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናሽን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የዋልቪስ ቤይ የባሕር ጉም ዘንድሮስ ራራልሽ? ባልሽን ፔትሩስን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ልጅሽ ንዳፔዋስ ከወለደች ወዲህ አካሏ ጠናላት? በእኛ በኩል የሐምሌው ብርድ አጥንት ድረስ ቢዘልቅም በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ ብዕር ያነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ልጄ ኦናሌና ቤት አግኝታለች። ሳስተምርበት ከኖርሁት ትምህርት ቤት ጀርባ ያለውን ባለ ቀይ ጣሪያውን ቤት ታውቂዋለሽ። ባለቤቲቱ ወደ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ እስከዚህ ወር መጨረሻ ለሌላ ሰው እንደማይሸጡትም ቃል ሰጥተውናል። ሆኖም የቤት መግዣ ብድር ልትጠይቅ ባንክ ብትሄድ ሠራተኛው መዝገቡን አየና ራሱን ነቀነቀ። ከአራት ዓመት በፊት የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ በስሟ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱ ሳይነሣ ማመልከቻዋን እንኳ እንደማይቀበል ነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር አልጋና ማቀዝቀዣ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ወስዳ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ሲዘጋ መክፈል ስላልቻለች መደብሩ መኪና ልኮ ዕቃውን መልሶ ወሰደ፤ ደረሰኝም ሰጣት። እርሷ በዚህ አለቀ ስትል እነርሱ ከስሰዋት ኖሯል። መልስ የሚሰጥ በመጥፋቱ በሌለችበት ተፈረደባት። ጠበቃዋ ወይዘሮ ፎርታይን፣ ፍርዱን ለማስነሣት ሁለት ነገር ማስረዳት እንዳለባት ነገሩን፤ ዕዳ እንደሌለባትና መጥሪያው ሲመጣ ስለ ምን ዝም እንዳለች። ለፊተኛው ደረሰኙ አለ። ስለ ኋለኛው ሲጠይቋት ልጄ ሳቀች።

«መጥሪያ የሚባል ነገር ቤታችን አልደረሰም» አለች። «እኛ ቤት የሚገባውን ወረቀት ሁሉ አባዬ ነው የሚያነበው፤ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አያመልጠውም። ቢመጣ ኖሮ ይነግረኝ ነበር።»

ጠበቃዋ ይህንኑ ቃል ጽፈው ለመሐላ አቀረቡላት።

እትዬ፣ መጥሪያው መጥቶ ነበር። እናታችን ዐርፋ ገና ሳትቀበር፣ አንቺ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ በተቀመጥሽበት ሳምንት ነው። ያ ፍራሽ ሳይነሣ የውጭ ወረቀት እንዳይከፈት ያዘዝሽውን አትረሺውም። መልእክተኛው ከደጅ ሲቆም ፈርሜ ተቀበልሁትና፣ ከቀብር በኋላ እሰጣታለሁ ብዬ በእናታችን ክፍል ከብርድ ልብሶቿ መካከል ሸጎጥሁት። ከቀብሩ ማግስት አንቺ እንደ ወጋችን ልብሷ እስኪከፋፈል ክፍሉን ቆልፈሽ ቁልፉን ይዘሽ ሄድሽ። እኔም በሐዘኑ ብዛት ወረቀቱን ፈጽሜ ረሳሁት።

ጠበቃዋ ፊት ልጄ ልትፈርም ብዕሩን ስታነሣ እጇን ያዝኋት። «ወረቀቱ መጥቷል፤ የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ» አልሁ። ወይዘሮ ፎርታይን መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህር፣ እንኳን አሁን ተናገሩ» አሉኝ። «ፊርማዎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ይቀርብ ነበር። ይህን ምላ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ይቅርና እርሷንም ከሐሰት መሐላ ባላዳንናት።» ኦናሌና አላለቀሰችም። አየት አደረገችኝና፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ‘ስምሽን ጠብቂ’ እያልህ ስትመክረኝ፣ ስሜ የት እንደ ተቆለፈ ታውቅ ነበራ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓፔን፣ የበቆሎ ገንፎዬን፣ በሰዓቱ ታቀርብልኛለች፤ አብራኝ ግን አትቀመጥም።

ባለፈው ሳምንት ችሎት ቀረብን። የመደብሩ ጠበቃ ጎልማሳ ነው፤ ምላሱ እንደ ምላጭ ነው። «ለልጁ ሲል የማይዋሽ አባት የት አገር ነው ያለው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ችሎቱ ሳቀ። በፊደል ያሳደግኋቸው ሁለት ተማሪዎቼ ከኋላ ተቀምጠው ነበርና እነርሱም ሳቁ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም፤ ነገሩን ያየ ሌላ ሰው ካለ በመሐላ ቃሉን እንዲሰጥ አዝዘው ለሐምሌ ሃያ ሁለት ቀጠሩን።

ያ ሌላ ሰው አንቺ ነሽ። ቁልፉ በእጅሽ ነበር። ከዐሥር ወር በኋላ መጥተሽ ክፍሉን ስትከፍቺ፣ ከብርድ ልብሱ መካከል ወረቀት አውጥቼ ኮቴ ውስጥ ስከት አይተሽኛል። ምን እንደ ሆነም ጠይቀሽኝ፣ የእድር ደረሰኝ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ጊዜው ማለፉን ከቀኑ ተረዳሁ፤ አፈርሁ፤ ኀፍረቴም ከልጄ ስም በለጠብኝ። ያን ዕለት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀሊል ነበር።

ስለዚህ በከተማሽ ካለ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ምለሽ ቃልሽን በፈጣን መልእክት ላኪልኝ፤ እስከ ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ካልደረሰ ቤቱም ያመልጠናል። ልጅ ሳለን የአባታችንን ፋኖስ ሰብሬ፣ እኔ ነኝ ብለሽ የቀመስሽውን አለንጋ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አሁንም ልብሽ ወደዚያው እንዳይወስድሽ እፈራለሁ። እባክሽ አትሸፍኚኝ። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፤ የዋሸሁሽንም ጻፊ። ልጄ የምትድነው የእኔ ጥፋት ሙሉ ሆኖ ሲታይ ነው።

ለፔትሩስ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው። ንዳፔዋን ሳሚልኝ፤ ለሕፃኑም የአያት ምርቃቴን አድርሺልኝ። ደጃፍሽን ለሚያዘወትሩ ጎረቤቶችሽም በጎውን ሁሉ እመኛለሁ። ኦናሌና ሰላም በልልኝ አላለችኝም፤ ነገር ግን ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ስነግራት ኮቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ፖስታ ቤት የምታደርሰው እርሷ ናት።

ወንድምሽ ሞቲቤዲ
ጋሌሼዌ፣ ኪምበርሊ፣ ደቡብ አፍሪካ
ሐምሌ 2 ቀን 2014 እንደ አገራችን አቈጣጠር