ሦስተኛው ክብሪት

ውድ ጋሼ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ደረጃ መውጣት አቁመዋል ሲባል ሰማሁ። እርስዎን ከደረጃ የሚያስቀር ሐኪም መገኘቱ ራሱ ይገርመኛል። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከትምህርት ቤታችን ምግብ አዳራሽ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጬ ነው፤ ካልሲዎቼ ምድጃው አጠገብ ተሰቅለው ይጨሳሉ። አዎ፣ ተመልሻለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ልጄን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ሰው ጫካ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር እንደገና ላስተምር መጥቻለሁ።

ታዲያ ዝም ብለው ያስገቡኝ እንዳይመስልዎ። የዘንድሮው የሠራተኞች ሥልጠና ስድስት አዲስና አራት ተመላሽ ይዟል፤ አለቃችንም "ነባር የሚባል ነገር የለም፣ ሁላችሁም ከሀ ትጀምራላችሁ" ብሎ አንድ ላይ አሰለፈን። አልከፋኝም። ቢላዋ ስንስል፣ ሸራ ስንወጥር፣ ቁስል ማሰር ስንለማመድ ሁለቱ ቀን ሳላውቀው አለፈ። እጄ ከቋጠሮዎቹ አንዱንም አልረሳም። አጠገቤ የተመደበው አዲስ ሠራተኛ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ሁላችንም ሾፌሩ እንለዋለን። ገመድ ሲያስር ምላሱን ያወጣል።

በሦስተኛው ቀን የእሳት ፈተና መጣ። እርስዎ እንዳወጡት ነው፣ ምንም አልተቀየረም፦ በዝናብ፣ በሦስት ክብሪት፣ አንድ ጣሳ ውሃ በግማሽ ሰዓት ማፍላት። የወደቀ በማግስቱ አንድ ጊዜ ይደግማል፤ እንደገና ከወደቀ ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ድንኳን ሲያወጣና ሲያስገባ ይከርማል እንጂ ቡድን አይሰጠውም። ነባሮቹ ሁለቱን ክብሪት ለጉራ የሚመልሱበት ወግም እንዳለ አለ።

አለቃችን ሦስቱን ሲዘረጋልኝ፣ አዲሶቹ ሁሉ እያዩኝ፣ "አንድ ይበቃኛል" ብዬ ሁለቱን መለስኩለት። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ፍልጡን ደረቅ ልቡ እስኪወጣ ሳልፈልጠው፣ በቂ ጭራሮ ሳልሰበስብ፣ ቸኩዬ ጫርኩት። በቢላዋ የፋቅሁት የእንጨት ፍቅፋቂ ቦግ አለ፣ ሁለት ጭራሮ ላሰ፣ ጠፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሾፌሩ ከጎኔ ገና ጭራሮውን በውፍረት እየለየ ይደረድራል። በሁለተኛው ክብሪት አቀጣጠለና በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ውሃው ተንፈቀፈቀ።

እራት ላይ ሳህኑን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ጠይቅ። ዛሬ ከዚህ የባሰ አይመጣብኝም።"

"እኔ ሃምሳ ሰው ጭኜ ስነሳ፣ ጎበዝ ሾፌር ነኝ ብዬ ትርፍ ጎማውን መናኸሪያ ጥዬ ብሄድ ምን ትይኛለሽ?"

"እብድ።"

"ታዲያ ክብሪቱን የመለስሽው ለማን ብለሽ ነው?"

ሳቅሁ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ዓመቴን ፈተና ያስታውሱታል? ሦስተኛውን ክብሪት ስጭር "ለዚች ልጅ የክብሪት ፋብሪካ ይከፈትላት!" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እርስዎ ያንኑ ዕለት ረስተውታል፤ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ክፉ ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። ቢላዋ አያያዝ ሲያሳዩኝ እጄን በእጅዎ ይዘው ነው፤ አባቴ እንኳ እንደዚያ ታግሶ አላስተማረኝም። ለዚህም ነው ሳቅዎ እንዲያ ዘልቆ የተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ ከአንድ በላይ ላልጭር ማልኩ። አሁን እስከዚህ ሥልጠና ድረስ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። በመጨረሻው ዓመቴ አሥር ተማሪዎች ይዤ ወንዙን እንደተሻገርን ዝናብ ደረሰብን። የጫርኩት አንድ ክብሪት ጠፋ። ሙሉ ፓኬት ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። "በባልጩት አነድዳለሁ" ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ በብርድ አንቀጠቀጥኳቸው። አንዲት ልጅ ከንፈሯ ጠቁሮ ስሟን መጥራት አቃታት። በኋላ እሳቱ ነደደ፣ ልጅቱም ሞቃት፣ ተማሪዎቹም አጨበጨቡልኝ። አንገቴን ያስደፋኝ ጭብጨባው ነው። በወሩ ሥራውን ለቀቅሁ። በአለቃችን በኩል "ነፍሰ ጡር ነኝ" ብዬ መልእክት ላክሁልዎ፤ ነበርኩም፤ ግን ምክንያቴ እሱ ብቻ አልነበረም። ቀርቤ ሳልሰናበትዎ መሄዴን ይቅር ይበሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አላባራም። ሁሉም ከብበው ቆመዋል። ሦስቱንም ክብሪት ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ሲጫር ተሰበረ። ሁለተኛው ፍቅፋቂውን አያይዞ ጠፋ። ሦስተኛውን ከመጫሬ በፊት ተረጋግቼ ፍልጡን እንደገና ፈለጥኩ፣ ጭራሮውን እንደ ሾፌሩ በውፍረት ደረደርኩ። ማንም አልሳቀም። ያዘ! በሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ ውሃው ሲፈላ ሾፌሩ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ።

ደስታዬን እንዲህ ነው ብዬ አልገልጽልዎትም። እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጬ የልጅቱን ነገር ለሁሉም ነገርኳቸው። አለቃችንንም "ክብሪት መመለስ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር" አልኩት። አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ "ጋሼ የጀመሩት ወግ ነው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ እኔ አላነሳውም" አለ።

"እኔ እጽፍላቸዋለሁ" አልኩ። ይኸው ጻፍኩ። ከአዲሶቹ አንዱ ትናንት ብቻውን ሲለማመድ ሁለት ክብሪት ለይቶ ወደ ጎን ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁና መልስዎ ባይዘገይ ደስ ይለኛል።

ሰኞ አሥራ አንድ ተማሪዎች ይዤ እወጣለሁ፤ ሾፌሩ ረዳቴ ነው። ስሜ ሰሌዳው ላይ ከቡድን መሪዎቹ ተርታ ተጽፎ ሳየው እንደ ልጅ ነው የቦረቅሁት።

ቂሜን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ። እሺ ቢሉም እምቢ ቢሉም፣ ከጉዞው እንደተመለስኩ በመጀመሪያው እሁድ ልጄን ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ። ትናንት በስልክ "ማን ጋ ነው የምንሄደው?" ብላ ጠየቀችኝ። "እሳት ማንደድ ያስተማረኝ ሰው ጋ" አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ተማሪዎ