ከዘጠና ሰባት እስከ መቶ ያሉት ብልቃጦች

ይድረስ ለታላቁ የኦንላይን ገበያ፣ ልዩ ፈቃድ ለሚጠይቁ ዕቃዎች ክፍል
ብሪዝበን

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወንበራችሁ እንዲመቻችሁ፣ ዓይናችሁ ከስክሪን ብዛት እንዳይደክም፣ በተለይም በሰባት ወር ውስጥ ለጻፍኳቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች በአሥራ አንድ የተለያየ ስም መልስ የሰጣችሁኝ፣ ከራይሊ ጀምሮ እስከ ጄስ ድረስ፣ ሁላችሁም በያላችሁበት ጤና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከቶንጋ፣ ከቫቫኡ ደሴት የምጽፍላችሁ ሎሳሊኔ ፋካታቫ ነኝ። በእናንተ መዝገብ ስሜ «ያልተሟላ ማመልከቻ» ስለሆነ ምናልባት በዚያ ታስታውሱኝ ይሆናል።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ስለሚወጣ፣ ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አማቴ ካሊሲ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከኮኮናትና ከአበባ ቅባት ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በእኛ ዘንድ ሕፃን ይታሽበታል፣ ልጃገረድ ለጭፈራ ትቀባዋለች፣ ሬሳም ያለ እሱ አይገነዝም። አንድ ቀን ብሪዝበን የሞተ የመንደራችን ልጅ ቀብር በስልክ ሲታይ ካሊሲ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «አየሽ ምን እንደቀቡት? የሱፐርማርኬት ሎሽን ነው» አሉኝ። «እንዲህ ተቀብቶ ወዲያኛው ዓለም ቢደርስ እንኳ ማን ያውቀዋል? ነይ እስቲ፣ ያ በስልክ የሚሸጡበትን ነገር አሳዪኝ።» የዚህ ሁሉ መነሻ ይህ ብቻ ነበር፤ አገር ለቀው የሄዱት ልጆቻችን በወጉ እንዲቀበሩ።

እናንተም ደግ ስለሆናችሁ፣ ዕቃው መጀመሪያ ብሪዝበን ያለው መጋዘናችሁ ይግባ፣ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል፣ ከመቶ ብልቃጥ በታች ግን አንቀበልም ብላችሁ ጻፋችሁልን። የቅባታችን አበባ ሄይላላ አብቦ ባለቀበት ሰሞን ስለነበር የሞላልን ዘጠና ስድስት ብቻ ነው። ይኼኔ ካሊሲ ከአልጋቸው ሥር አንድ ትልቅ ጠርሙስ አወጡ። ከስምንት ዓመት በፊት ለገዛ ቀብራቸው ሠርተው ያስቀመጡት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው ቅባትም እሱ ብቻ ነው። «እማማ፣ ይሄማ የእርስዎ ነው» ብላቸው፣ «ሄይላላው ለከርሞ አያብብም እንዴ? እኔ እንደሆነ ለመሞት ጊዜ የለኝም። የጎደሉትን አራቱን ሙዪበት» አሉኝ። ሞላሁበት። እሳቸውም ከዘጠና ሰባት እስከ መቶ ያሉትን አራቱን ብልቃጦች አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አሰሩባቸው።

አሁን፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ካለፉት ስድስት ወራት ሦስት የአቅራቢ ደረሰኝ፣ ከአቅራቢው አድራሻና ድረ ገጽ ጋር እንድልክ ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። አቅራቢዎቻችን አንድ የኮኮናት ዛፍ፣ ጎረቤት አጥር ላይ የሚያብብ አበባ እና ፀሐይ መሆናቸውን በእውነት ጻፍኩ። ራይሊ በማግስቱ «ፀሐይ የተባለው አቅራቢ ሕጋዊ ድርጅት መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልንም» ብለው መለሱልኝ። የቤት ቁጥርም ጠይቀውኝ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ፊት ለፊት ብዬ ሞላሁ። እዚህ አገር በዚህ አድራሻ ያልተገኘ ሰው የለም፤ ባለ ዕዳ እንኳ ይገኝበታል።

ሁለተኛ፤ የብልቃጡን ስድስት ጎን ፎቶ ስለጠየቃችሁኝ። ብልቃጡ ክብ ነው። ሆኖም ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ስድስት ጊዜ አዙሬ አነሳሁት፣ ስድስቱም አንድ ሆነው ወጡ፣ እናንተም «የተደጋገመ ምስል» ብላችሁ መለሳችሁት። ካሊሲ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ስድስት ጎን ያለው ነገር ከፈለጉ የሬሳ ሣጥን አንሺና ላኪላቸው» አሉኝ። ያን ቀን እኔም አብሬያቸው ስቄ ነበር።

ሦስተኛ፤ የጥራት ማስረጃ ስለጠየቃችሁ። የእኛ ፈተና ግልጽ ነው፤ ልጅቱ ተቀብታ ትጨፍራለች፣ ዘመድ ወዳጅ ብር ይለጥፍባታል፣ ጭፈራው እስኪያልቅ ብሩ ከክንዷ ካልወደቀ ቅባቱ ቅባት ነው። የእህቴ ልጅ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማሠሪያ ስትጨፍር፣ ከትከሻ እስከ አንጓዋ ሃያ ሦስት የፓአንጋ ኖት ተለጥፎባት የተነሳችውን ፎቶ ላክሁ። ከዚህ የበለጠ ላቦራቶሪ አላውቅም። መልሳችሁ ግን የገንዘብ ምስል ማቅረብ በገበያው ደንብ የተከለከለ መሆኑን የሚያስገነዝብና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። ለተግሣጹም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጽፋችሁ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መልሺ ስላላችሁኝ። እሑድ በቶንጋ ሱቅ አይከፈትም፣ አውሮፕላን አይበርም፣ ኳስ እንኳ አይመታም፤ ሕግም ነው፣ እምነትም ነው። ስልኩን ከጓዳ ደብቄ ልከፍተው ስል ካሊሲ ያዙኝ። «ፈጣሪ እንኳ አንድ ቀን አርፏል፤ እነሱ ከእሱ በለጡና ነው? አስቀምጪው፣ ሰኞ ትመልሺላቸዋለሽ።» ሰኞ በማለዳ መለስኩ። በዝምታ ምክንያት ማመልከቻው መዘጋቱንና ከአንደኛው ገጽ መጀመር እንደምችል በትሕትና ነገራችሁኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወረቀቱን እናንተ ይዛችሁ ሞኝነቱን እኔ ይዤ እንደገና ጀመርኩ።

ለአምስተኛው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ እንዲሁ ልንገራችሁ።

ካሊሲ በዝናቡ ወራት፣ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። አበባ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ቤት ውስጥም ጠብታ ቅባት የለም። መቶዎቹ ብልቃጦች ግን ታናሽ ልጃቸው ሞሴሴ ከሚኖርበት ቤት በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ፣ እናንተ መጋዘን ውስጥ ተደርድረዋል። ሞሴሴ ወደ ቀብሩ ከመነሳቱ በፊት በራችሁ ድረስ ሄዶ አንድ ብልቃጥ፣ አንዷን ብቻ፣ ለመነ። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ፣ ዕቃችሁ እዚሁ እንዳለ ይታየኛል» ነው ያለው። «እኔ ግን ምን ላድርግህ? ሲስተሙ ቆልፎታል። የእኔ እናት ብትሆንም አልችልም።» ሞሴሴ ሌላ መላ ሲያጣ እዚያው በራችሁ ላይ ቆሞ ከገበያችሁ «ንጹሕ የቶንጋ ቅባት» የሚባለውን፣ ፈቃዱ የተሟላውን፣ አዘዘ። በማግስቱ ጠዋት ደረሰለት። በዚህስ እውነትም ፈጣኖች ናችሁ።

ይዞልን ከመጣው ብልቃጥ ጀርባ ሃያ ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል፤ ኮኮናት አሥራ ዘጠነኛው ነው። ከካሊሲ ጋር ለሠላሳ ዓመት የመንደሩን ሬሳ ሲያጥቡና ሲቀቡ የኖሩት ፉሲ ከፈቱት፣ አሸተቱት። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ «ካሊሲ፣ ይቅር በዪኝ፤ ሌላ የለም» አሉና መቀባት ጀመሩ። እኔ ከእግራቸው በኩል ተቀምጬ ነበር። ያን ትልቅ ጠርሙስ ያንቆረቆርኩት በእነዚህ በገዛ እጆቼ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እናንተን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እያደር ጠላኋችሁ።

ከቀብሩ በኋላ በዘጠነኛው ቀን «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። ፈቃዱ ተሰጥቷል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ «አምራቹ አሁንም በሥራ ላይ ነው?» ይላል፣ ከሥሩም አዎ እና አይደለም የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ካልመለስኩ ፈቃዱ እንደሚሰረዝ አስታውሳችሁኛል። እስከ ዛሬ ጣቴን በአንዱም ላይ ላሳርፍ አልቻልኩም።

ስለዚህ ፈቃዱን መልሳችሁ ውሰዱት። ዘጠና ስድስቱን ሽጧቸው፣ ድፏቸው፣ እንደ ደንባችሁ አድርጉ። ቀይ ክር የታሰረባቸውን አራቱን ግን እንድትመልሱልኝ እለምናችኋለሁ፤ ይህች ልመና ቧልት የለባትም። በእኛ ባህል መቃብር ላይ የሚነጠፈው ጥቁር ጠጠር ታጥቦ በቅባት ይታሻል። በሙት ዓመታቸው ጠጠሩን ስናድስ በራሳቸው ቅባት ላሸው እፈልጋለሁ። አድራሻዬ አልተለወጠም፤ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ፊት ለፊት ነው።

ለትዕግሥታችሁ፣ ለጥንቃቄያችሁና ገዢን ከአሮጊቶች ለመጠበቅ ለምታደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የፀሐይ፣ የአንድ ዛፍና የአንድ አጥር ያልተረጋገጠች ወኪል፣
ሎሳሊኔ ፋካታቫ
ቫቫኡ፣ ቶንጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሞሴሴ ስለገዛው ቅባት በየሳምንቱ መጠይቅ እየላካችሁለት ነው፤ ከአምስት ኮከብ ስንት እንደሚሰጠውና ምርቱ ለተገዛበት ዓላማ ማገልገሉን ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ምን ብዬ ልመልስ ብሎ ስለጠየቀኝ፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ፦ ዕቃው በሰዓቱ ደርሷል፤ የተቀቡት ሴት እስካሁን ምንም ቅሬታ አላቀረቡም።