የውሰት ወርክሾፕ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ከተማ፤
ደሴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እማዬስ አዲሱ መድኃኒት ተስማማት? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሌላው ሌላው ከታች ይመጣል።

ማክሰኞ ዕለት ሲደውሉልኝ ስልኩን ዘግቼብዎታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አላስተማሩኝም፣ ለእሱ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ዳይሬክተሬን አቶ ኢያቄምን ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝን ግን አላደርገውም። ለምን እንደማላደርገው በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር፤ እርስዎ ሲቆጡ እኔ እጮሃለሁ፣ እኔ ስጮህ እርስዎ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ይላሉ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ልጻፈው። የዳይሬክተሬን ወሬ ሰምተዋል፤ የእኔንም እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ሜካኒካል ተምሬ ወርክሾፕ ውስጥ ልጆች ላስተምር ስል ዘመድ ሁሉ ሲስቅብኝ «ተዋት፣ ታስተምር» ያሉት እርስዎ ነበሩ። ለድሮ ተማሪዎ ለአቶ ኢያቄም ደውለው መስከረም ላይ እዚህ ሙያ ትምህርት ቤት ያስገቡኝም እርስዎ ነዎት። አልረሳሁትም። የብረታ ብረት ክፍሉን ስረከብ ያገኘሁት ግን አንድ መበየጃ፣ መከለያው የወለቀ አንድ አሮጌ የብረት መቁረጫ ግራይንደርና ባዶ ጠረጴዛ ነበር። የዓይን መከላከያ መነጽር አንድም የለም። ይገዛልን ብዬ ስጠይቅ አቶ ኢያቄም ሳቁ። «አይሆንም ሩሐማ። አምና የውጭ ገምጋሚዎች መጥተው ወርክሾፑ የተሟላ ነው ብለዋል። የተሟላ ነው ለተባለ ነገር ማን በጀት ይፈቅዳል?» አሉኝ። የተሟላው የት እንዳለ ስጠይቃቸው ሻይ አዘዙልኝ።

ግራይንደሩን ስቶር አስገብቼ አስቆለፍኩት። ልጆቹን በመጋዝና በሞረድ አስተማርኳቸው። እጃቸው ውሃ ቋጠረ፣ እኔንም አሙኝ፤ ግን ማንም አልተጎዳም።

ከልጆቹ መካከል ሉሊ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካዛንቺስ ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከእናቷ ከወይዘሮ ትበርህ ጋር ከከተማው ጠርዝ ካለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ትምህርት ቤት ቀይሪ ቢሏት እምቢ ብላ በሁለት አውቶቡስ እየተመላለሰች ነው የምትማረው። ወንዶቹ «ሉሊ፣ አንቺ ደግሞ አውቶቡስ በይደሽ ልትገጣጥሚ ነው?» ሲሏት «ለአንተ ጋሪ ይበቃሃል፣ እሱንም ከከፈልክ» ትላለች። ብየዳዋ ቀጥ ያለ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ እንደ እሷ የሚበይድ አላየሁም።

የካቲት ላይ የዘንድሮ ገምጋሚዎች በመጋቢት እንደሚመጡ ተነገረን። በዚያው ሳምንት ወረዳ ለሥልጠና ተላክሁ። እኔ በሌለሁበት አቶ ኢያቄም ግራይንደሩን ከስቶር አስወጡ። ለምን ይመስልዎታል? በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ባነር የሚሰቀልበት የብረት ፍሬም ያስፈልግ ነበር። ለገምጋሚዎቹ። ጎበዝ ናት ብለው ሉሊን ብረቱን አስቆረጧት። ዲስኩ ተሰበረ፣ ስባሪው ቀኝ ዓይኗን አገኘው። ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም።

አባባ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ትምህርት ቤቱ ለበላይ አካል የላከው ሪፖርት «ተማሪዋ የተሰጣትን መነጽር ባለማድረጓ» ይላል። የተሰጣት መነጽር! ቀጥሎ ሽማግሌዎች ወይዘሮ ትበርህ ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው፤ ሽማግሌ ደጃቸው ቆሞ ምን ይበሉ? «እግዚአብሔር ያመጣው ነው» ብለው እርቁን ፈረሙ። ሉሊ ጥንቃቄ ይጎድላታል ተብሎ ከብረታ ብረት ወጥታ ጽሕፈት ክፍል ተመደበች።

መጋቢት ደረሰ። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ከቄራ ሰፈር አንድ የጋራዥ ፒክአፕ መጣና ዕቃ ማራገፍ ጀመረ። መከለያ ያላቸው ግራይንደሮች፣ አዲስ መበየጃ፣ በካርቶን የታሸገ መነጽር። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ዕቃውን የሚረከቡት የስቶሩ ሠራተኛ ጋሽ ፀሃዬ ነበሩ።

«ተገዛልን እንዴ?»

«ምን ይገዛል ልጄ! ውሰት ነው። እንግዳ ሊመጣ አይደል? ከነገ ወዲያ ይመለሳል። አምናም እንዲሁ ነበር።»

በየማሽኑ ጎን የጋራዡ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። እሳቸው በፕላስተር እየሸፈኑ ነበር። «አምናም ሸፍናችሁት ነበር?» አልኳቸው።

«አምና መች ጊዜ ነበረን። ስሙ እንደተጻፈ ነው የቆመው። ማን ልብ ይለዋል ብለሽ ነው?»

ቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። አልተቆጡም። እንደ አባት ነው ያናገሩኝ።

«ሩሐማ፣ እናትሽ እንግዳ ሲመጣባት ከጎረቤት ብርጭቆ ተውሳ አታውቅም? ነውር ነው እንዴ?»

«ታውቃለች» አልኩ። «የእናቴ እንግዳ ግን ብርጭቆ ሊቆጥር አይመጣም።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው አባባ። እኛ ገምጋሚን እንግዳ አደረግነው። እንግዳ ደግሞ ጓዳ አይገባም፣ ያቀረቡለትን ይበላል፣ አመስግኖ ይሄዳል። የጎደለንን አይቶ እንዲያሟላልን የተላከውን ሰው ሙሉ ነን ብለን እንሸኘዋለን። እሱ በሄደ ማግስት ጉድለቱ ልጆቹ ላይ ይወድቃል።

ገምጋሚዎቹ ዞረው አዩ፣ በያይነቱ ቀርቦላቸው በሉ። ከዚያ አዳራሽ ተሰበሰብን። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ሙሉመቤት «የጎደለ ነገር ካለ መምህራን በነፃነት ተናገሩ» አሉ፤ አቶ ኢያቄም አጠገባቸው ተቀምጠው። ማንም አልተነሳም። እኔ ተነሳሁ። ማሽኖቹ ውሰት መሆናቸውን፣ ሉሊ በምን እንደተጎዳች፣ መነጽር የሚባል ነገር እንዳልነበረ ተናገርኩ። ከኋላዬ አንዱ መምህር «በቃ ተቀመጪ፣ ልታስበይን ነው» ሲል ሰማሁት።

«የኔ እህት፣ እኛ ያየነውን ነው የምንጽፈው» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሳይነግሩን ይምጡና ያዩትን ይጻፉ።»

«ያለ ፕሮግራም አንሄድም።»

አቶ ኢያቄም ፈገግ ብለው «አዲስ ናት፣ የተማሪዋ አደጋ አስደንግጧት ነው፤ እኛም አዝነንላታል» አሉ። አዳራሹ ተነፈሰ። በማግስቱ ፒክአፑ መጥቶ ሁሉንም ጫነ። ልጆቹ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር እንኳ አንድ በአንድ እያወለቁ ወሰዱባቸው።

እኔ ከሥራ ታገድሁ። «የተቋሙን ስም በማጥፋት» ተብዬ ግንቦት 4 ቀን፣ ሰኞ፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አቶ ኢያቄም ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ መጡ። ወንበር ስለማይበቃ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው «ልጄ፣ ፋሲካ ነው። አምላክ ይቅር ያለን ሰሞን እኛ እንዴት ቂም እንይዛለን? አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ተሳስቻለሁ በይና ሥራሽ ላይ ተመለሽ» አሉ።

«ሉሊንስ ማን ይቅርታ ጠየቃት?»

«የእሷ ጉዳይ በሽምግልና አልቋል።»

«ዓይኗም አብሮ ነው ያለቀው» አልኩ።

ሽማግሌው «አይ የዛሬ ልጅ!» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አቶ ኢያቄም ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉና «ሌላው ቢቀር አባትሽን እፈሪ። አምና ቡድኑን መርተው መጥተው ወርክሾፓችንን አመስግነው የሄዱት እሳቸው አይደሉም?» አሉኝ።

እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። አምና ለግምገማ ሥራ መጥተው እኔ ጋ ሲያድሩ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ብጠይቅዎት «የሥራ ምስጢር ነው» ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም በአባቴ ኮራሁ። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ እነሱ የተቀመጡበት ቦታ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚነግሩኝ ይህን መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን «የቤትን ገመና ለእንግዳ ትነግሪያለሽ?» አሉኝ። ስልኩን የዘጋሁት እዚያ ላይ ነው።

ትናንት ሉሊን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ እሷው ናት። «ቲቸር፣ አይደንግጡ፤ ድሮም ስበይድ አንዱን እጨፍነው ነበር» አለችኝ። ሳቅን። እናቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ቲቸር፣ መነጽሩ ግን ነበረ እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«ማለቴ… ሁሉም ነበረ ይላል። ዳይሬክተሩም፣ ሽማግሌዎቹም፣ እማዬም። እኔ ረስቼው ይሆን እንዴ? እያሰብኩ ነበር። አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያየሁት ይመስለኛል።»

አልነበረም አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። እንዳላመነችኝ አውቃለሁ። አንዲት የታገደች መምህርት በአንድ ወገን፣ አገር ሁሉ በሌላ ወገን። አባባ፣ ሥራዬን ቢወስዱት ሌላ እፈልጋለሁ፣ ጋራዥም ቢሆን እገባለሁ። ይህቺ ልጅ ግን ዓይኗን ያጠፋሁት እኔው ነኝ ብላ ልትኖር ነው። የማልታረቀው በዚህ ነው።

ማታውኑ ወይዘሮ ሙሉመቤት ደወሉልኝ። አላመንኩም ነበር። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ግን ብቻሽን ነሽ። ከአምናው ቡድን አንድ ሰው ያየውን ቀርቦ ቢናገር ጉዳዩን እንደገና እከፍተዋለሁ» አሉኝ። ስቶር ውስጥ ያለው የዕቃ ዝርዝር የአምናዎቹን ማሽኖች አያውቃቸውም፤ እዚያ ቆመው ነበር የሚል ሰው ከተገኘ ከየት መጥተው የት እንደሄዱ ትምህርት ቤቱ መመለስ ይኖርበታል። መነጽሩም እንደዚያው። ጋሽ ፀሃዬ ጡረታቸው ደርሷል፣ አይናገሩም። የጋራዡ ባለቤት ደንበኛ ማጣት አልፈልግም ብሏል። ከቡድኑ አባላት አንዱ አርፈዋል፣ ሌላው አላስታውስም አሉኝ።

እርስዎ ቀሩ።

እኔ ልጅ ሆኜ ከእርስዎ ጋር የገጠር ትምህርት ቤት ስንዞር ወንበር ገልብጠው ሚስማሩን የሚያዩ ሰው ነበሩ። ከዚህ በላይ ስለ አምናው አልጠይቅዎትም። የቀይ ቀለሙንም ነገር ጋሽ ፀሃዬ እንደነገሩኝ ጻፍኩት እንጂ መልስ ፈልጌ አይደለም።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንቦት 4 ከመድረሱ በፊት ይምጡ። አቶ ኢያቄም እርስዎንም በሽማግሌነት እንደሚጠሩዎት አውቃለሁ። በዚያ ከመጡ እማዬን ሰላም ይበሉልኝ ብዬ በሩ ላይ እሸኝዎታለሁ፤ ከዚያ በላይ አይሆንልኝም። በምስክርነት ከመጡ ግን መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ ሻንጣዎን ተሸክሜ አመጣዎታለሁ፤ አልጋዬንም እለቅልዎታለሁ። ባዩት ነገር ሰው ምን ይለኛል ብለው እንደሚፈሩ አውቃለሁ። እኔ ምንም አልልዎትም። በሕይወቴ ሙሉ ምንም አልልዎትም።

ባይመጡም እኔ፣ እሺ ካሉኝ ከሉሊና ከእናቷ ጋር፣ ወደ ኮሚቴው ክፍል እገባለሁ። የአምናውን ቡድን ማን እንደመራ መጠየቃቸው አይቀርም። አልዋሽም። ገና ስገባ ሙሉ ስምሽን ተናገሪ ሲሉኝ የእርስዎን ስም ከእኔ ቀጥዬ እጠራለሁ፤ ያን ጊዜ ግማሹን ነግሬያቸዋለሁ ማለት ነው።

ለእማዬ ይህን አያንብቡላት፤ ደህና ናት ብቻ ይበሏት። አምላክ ሁለታችሁንም በጤና ያቆይልኝ፤ መንገዱንም ያቅናልዎ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ሩሐማ ከተማ